ከግድግዳው በፊት ጣሪያው

የሽግግሩ መንግሥት ሁለተኛ ዓመቱን ሊደፍን ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ካርቱም ውስጥ ዳቦ ለመግዛት የወጣ ሰው የቀኑን እኩሌታ ለሰልፍ መስጠት ነበረበት። በመጋቢት ወር አንድ ጠዋት ጥጋቡም ጀብራ ካለ አንድ ዳቦ ቤት ደጃፍ ከረጢቱን ይዞ ተሰልፏል። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ከአርማጭሆ ወጥቶ በመተማ አድርጎ ሱዳን ከገባ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ግንበኛ ነው። ሱዳኖቹ የግንበኞችን አለቃ «ኡስታ» ይሉታልና፣ በከተማዋ ሰፈሮች፣ ከማዮ እስከ ሐጅ ዩሱፍ፣ ኡስታ ጥጋቡ ሲባል የማያውቀው አልነበረም። የስንቱን ሰው ቤት፣ የስንቱን ግቢ አጥር ሲያቆም ወረቀት ላይ አንዲት መስመር እንኳ ጭሮ አያውቅም። ሁሉ ነገር ያለው በራሱ ውስጥ ነበር፤ በዚህም አብዝቶ ይኮራ ነበር።

ከፊቱ የቆመችው ወጣት ግን ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እንኳ ልብ አላለችም። አንገቷን ደፍታ ስልኳ ላይ ባለ ቀለም ሣጥኖችን በጣቷ እየጎተተች፣ አንዱን ወደ ላይ ታወጣለች፣ ሌላውን ወደ ታች ታወርዳለች፣ ትንሽ ታስባለች፣ ደግሞ መልሳ ትለውጣለች።

«ያ ብቲ፣ ልጄ፣ ሰልፉ እኮ ሄደ» አላት በዐረብኛ። «ጨዋታሽ ዳቦውን እንዳያስቀርብን።»

ዞር አለች። ከአነጋገሩ ሐበሻ መሆኑን ገምታ በአማርኛ መለሰችለት፤ «ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ አላየሁም። ጨዋታ ግን አይደለም፣ ሹጉል ነው፣ ሥራ። አንተ ሐበሻ ነህ አይደል?»

የጥጋቡ ቅንድብ ከፍ አለ። በአባቱ አገር እንዲህ ያለች ልጅ እንዲህ ያለውን ሽማግሌ «አንተ» አትልም። ልጅቱም ገባትና አፏን በእጇ ያዘች።

«እርስዎ! እርስዎ ማለቴ ነው። እናቴ ሁልጊዜ በዚህ ነው የምትቆጣኝ። በዐረብኛ ሁሉም ሰው አንተ ነው እኮ።»

«እናትሽ ማን ትባላለች?»

«ወለተማርያም። የሀሰን ሚስት፣ አላህ ይርሐሙ፣ ነፍሱን ይማረው።»

«የሹፌሩ የሀሰን? የዚያን ቤት አጥር እኮ የሠራሁት እኔ ነኝ! አንቺ ያኔ በእንብርክክሽ ትሄጂ ነበር።»

ልጅቱ ዓይኗ ፈጠጠ። «ኡስታ ጥጋቡ ማለት እርስዎ ነዎት? ወላሂ፣ እኔ እርስዎን ስፈልግ ሁለት ሳምንት ሆነኝ! ማዮ የወደቀውን ትምህርት ቤት ልንሠራ ነው፤ የሰፈሩ ኮሚቴ ያለ ኡስታ ጥጋቡ አይሆንም አለኝ።»

ይህን ስትል የጥጋቡ ፊት ጠቆረ። ያ ትምህርት ቤት የእሱ ቁስል ነበር። ባለፈው ዓመት፣ ዓባይ ሞልቶ ከተማውን ባስጨነቀበት ክረምት፣ የሁለቱን ክፍል የጭቃ ግድግዳ አቁሞ ቆርቆሮ ሲጠብቅ ዝናቡ ቀደመው። ሱዳኖች «ጃሉስ» የሚሉት የጭቃ ግድግዳ ከላዩ ጣሪያ ካለ ሃያ ዓመት ይቆማል፤ ከሌለው ግን ውኃ እንደነካው ስኳር ነው። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ክፍሎች እየሟሙ ወረዱ። ዓርብ የዕረፍት ቀን ባይሆን ኖሮ፣ የእናቶቻቸውን ከሥራ መመለስ የሚጠብቁ ሕፃናት በጥላው ሥር ይጫወቱ ነበር። ጥጋቡ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አልፎ አያውቅም።

«ያ የእግዜር ሥራ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዝናብን ማን ይከለክለዋል?»

«ዝናቡን ያመጣው እሱ ነው ዐም ጥጋቡ፣ አጎቴ» አለች ልጅቱ፤ «ጣሪያው ከዝናቡ በኋላ እንዲመጣ ያደረገው ግን ማነው?»

 ሰው መልስ ሲያጣ የሚቀርበው ቁጣ ነውና፣ ጥጋቡ «አንቺ ሳትወለጂ ጭቃ ያቦካሁ ሰው ነኝ» ብሎ ፊቱን አዞረባት። ይሁን እንጂ ቃሏ ከዳቦው ጋር አብሮት ቤቱ ገባ። ሦስት ቀን በደረቱ ውስጥ ሲመላለስ ሰነበተና፣ በአራተኛው ቀን እግሩ ራሱ ወደ ማዮ ወሰደው።

የልጅቱ ስም ሸህድ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ሲሆን፣ እህልና መድኃኒት በየክፍለ ሀገሩ የሚያደርስ አንድ ድርጅት ውስጥ የሥራ ቅደም ተከተል አስያዥ ሆና ታገለግላለች። የቀድሞውን መንግሥት በጣለው አብዮት ጊዜ ከጦር ሠራዊቱ ግቢ ፊት ለተቃውሞ ከተቀመጡት አንዷ ነበረች። እዚያ ያየችውን ለሚጠይቃት ሁሉ የምትናገረው እንዲህ ብላ ነው፤ «እኔን ያስደነቀኝ መጮሃችን አልነበረም። በሺህ የሚቆጠር ሰው ማን ውኃ እንደሚያመጣ፣ ማን በር እንደሚጠብቅ፣ ማን ማንን መቼ እንደሚተካ ተስማምቶ ማደሩ ነው።» ያ ነገር በልቧ ስለቀረ፣ ከሥራዋ የተረፋትን ቀን ለማዮ ኮሚቴ ሰጥታለች።

ጥጋቡ ሲደርስ ሸህድ ከፈረሰው ግድግዳ አጠገብ በቆመች ራኩባ፣ በሳርና በእንጨት በተሠራች ዳስ ሥር፣ ላፕቶፗን በጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ኦመር የሚባለው አናጢ አለ፤ ከኑባ ተራሮች ተፈናቅሎ ማዮ ያደገ፣ ከጥጋቡ ጋር አሥር ዓመት የሠራ ሰው ነው። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ አዋጢፍም ተቀምጠው ነበር፤ ኡስታውን ሲያዩ ስላለፈው ነገር አንዲት ቃል ሳይናገሩ ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁለት። ይህ ዝምታ ከወቀሳ ይልቅ ከበደው።

«እስቲ» አለ ጥጋቡ ላፕቶፑን እያየ፣ «ይህ ማሽን ቤት መሥራት ይችላል?»

«አይችልም። ምንም አያውቅም፤ ጭቃና ስሚንቶ እንኳ አይለይም። እርስዎ የሚያውቁትን ብቻ ነው የሚይዘው።»

«እኔ የማውቀውን እኔው ይዤዋለሁ። ለምን ለሌላ አስይዘዋለሁ?»

«ባለፈው ዓመት ስንት ሥራ ይዘው ነበር?»

«ይህን ትምህርት ቤት፣ በሐጅ ዩሱፍ ሁለት ቤት፣ በጀብራ አንድ ጉድጓድ።»

«ቆርቆሮውን ማን ነበር የሚያመጣው?»

ጥጋቡ ወደ ኦመር አየ፤ ኦመርም ወደ ጥጋቡ። እያንዳንዱ ሌላው ያዛል ብሎ እንደነበረ፣ ቆርቆሮው የታዘዘው ግድግዳው ካለቀ በኋላ እንደነበረ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ግን አፍ አውጥተው ተነጋግረውበት አያውቁም ነበር።

ሸህድ አላፋጠጠቻቸውም። «ያላ፣ እንጀምር፤ የሚሠራውን ሁሉ ይንገሩኝ» አለች ጣቶቿን አዘጋጅታ። «ቅደም ተከተሉን አይጨነቁበት፤ በመጣልዎ መንገድ ይናገሩ።»

ጥጋቡም መናገር ጀመረ። በመጀመሪያ ሥራው ሁሉ አሥር ያህል መስሎት ነበር። ፍርስራሹን ማንሣት፣ መሠረት መቆፈር፣ ጭቃ ማቡካት፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ልስን። ነገር ግን እሷ «ጭቃ ለማቡካት ምን ያስፈልጋል?» ስትለው ውኃ፣ ውኃው በምን ይመጣል ስትለው በአህያ ጋሪ፣ ጭዱስ ከየት ስትለው ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። በትልቁ ሥራ ሥር ትንንሾቹን ገባ ገባ እያደረገች ደረደረቻቸው። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ሲያዘነብል ዝርዝሩ ሰባ አንድ ደርሶ ነበር።

«ሰባ አንድ!» አለ ጥጋቡ። «ይህን ሁሉ እኔ ነኝ በራሴ ተሸክሜ የምዞረው?»

«ለሠላሳ ዓመት» አለች ሸህድ።

ከዚያም በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፤ ይህ ከመጀመሩ በፊት የትኛው ማለቅ አለበት? እያንዳንዱስ ስንት ቀን ይፈልጋል? የጭቃው አንድ ድርብ፣ አንዱ ረድፍ፣ ሦስት ቀን ሳይደርቅ ሌላው አይጫንበትም አላት። የመስኮቱ ክፈፍ ግን ማንንም አይጠብቅም፤ ዛሬም ቢሠራ ይሆናል አላት። በመልሱ ሁሉ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ቀጭን መስመር ትስብ ነበር። በመጨረሻም አንዲት ቦታ ነካች።

ይህን ጊዜ የሆነውን ጥጋቡ ኋላ ለብዙ ሰው ተናግሮታል። እንደ ገበያ ቀን ሕዝብ ተደበላልቆ የነበረው ዝርዝር በአንድ ቅጽበት ተነቃንቆ ቦታ ቦታውን ያዘ። ከግራ ላይ ጀምሮ ወደ ቀኝ ታች የሚወርድ ረጅም ደረጃ ሆነ። እያንዳንዱ እርከን አንድ ሥራ ነው፤ እርዝመቱ ቀኑ ነው፤ ከሥሩ የሠራተኛው ስም አለ። ከመጋቢት እስከ መስከረም ያለው ዘመን በአንድ መስኮት ፊት ለፊቱ ተዘርግቶ ታየው። ከእጁ በላይ የሆነ ነገር እንዳየ ሰው ባርኔጣውን አወለቀ።

«እንዲህ ነው እንዴ እኔ የማስበው?» አለ ቀስ ብሎ።

«እንዲህ ነው የሚያስቡት። እርስዎ እንጂ ሌላ ሰው አይቶት አያውቅም ነበር።»

መገረም ግን ማመን አይደለም። ሰው ዓይኑ ከልቡ ይቀድማልና፣ ጥጋቡ ወዲያው ክርክሩን ቀጠለ።

«ይቺ ባለ አራት ጫፍ፣ አልማዝ የምትመስለው ምልክት ምንድን ናት? ስንት ቀን ትፈጃለች?»

«ምንም። ማይልስቶን ትባላለች፤ ጊዜ የላትም።»

«ጊዜ የማትፈጅ ከሆነች ሥራ አይደለችም። ሥራ ካልሆነች እዚህ ምን አስቀመጣት?»

ሸህድ በአማርኛ እንዴት እንደምታስረዳው ጨነቃት፤ በዐረብኛም ሞከረች። ጥጋቡ ግን ራሱ ደረሰበት። «ቆይ። ከገላባት ወደ ገዳሪፍ በእግሬ ስመጣ በመንገዱ ዳር ቁጥር የተጻፈባቸው ድንጋዮች ነበሩ። ድንጋዩ አንድ እርምጃ አላራመደኝም። ግን እሱን ባላይ ኖሮ በመንገዱ እኩሌታ ተስፋ ቆርጬ እቀመጥ ነበር።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ እሷ ናት!» አለች ሸህድ በደስታ። «መሠረት አለቀ፣ አንድ ድንጋይ። ጣሪያ ተከደነ፣ ሌላ ድንጋይ። ትምህርት ተከፈተ፣ የመጨረሻው። እዚያ ስንደርስ ሁላችንም እኩል እናውቃለን።»

«መልካም ነው። ለዚህ ግን ወረቀት አይበቃም?»

«ይበቃል፤ ሁሉ ነገር እንደታሰበው ከሄደ። አንዲት ቀን ከተንሸራተተች ግን ሰባ አንዱንም እንደ አዲስ መጻፍ ነው። ማን ይጽፈዋል? ስለዚህ አንጽፈውም፤ ሳንጽፈው ደግሞ ክረምት ይገባል።»

ጥጋቡ መሬቱን በእንጨት ጫረ። የቀረችው ጥያቄ ከሁሉ የከበደችው ነበረች።

«ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። እኔ ርስት የለኝም፤ ልጅም አልወለድሁም። ያለኝ ነገር ቢኖር ሰው ‹ኡስታ፣ አሁን ምን እንሥራ?› ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ መስጠቴ ነው። ይህን ሁሉ አውጥቼ ለአንቺ ከሰጠሁሽ፣ ነገም ኦመር ስልኩን አይቶ ምን እንደሚሠራ ካወቀ፣ እኔ ምን እቀራለሁ?»

ሸህድ ላፕቶፗን ከጉልበቷ አወረደች። ቀልድ ያልሆነ ነገር እንደተጠየቀች ገብቷታል። እንዲህም አለችው፤ «አባቴ ሹፌር ነበር። የኩስቲን መንገድ፣ የኤል ኦቤይድን መንገድ፣ የትኛው ወንዝ መቼ እንደሚሞላ፣ ሁሉን ያውቅ ነበር። ሲሞት ሁሉም አብሮት ሄደ። እኔ ልጁ አንዱንም አላውቅም። እርስዎ ቢታመሙ ይህ ትምህርት ቤት ምን ይሆናል?»

«እኔ አልታመምም» አለ ጥጋቡ። ቢሆንም በማግስቱ ተመልሶ መጣ።

ሥራው ተጀመረ። ወይዘሮ አዋጢፍ በየቀኑ ያለቀውን በስልካቸው ላይ ምልክት ያደርጉ ነበር። ማዮ ውስጥ መብራት ብዙ ቀን ባይኖርም፣ ሸህድ ለማትመጣበት ቀን ዝርዝሩን በወረቀት አሳትማ ራኩባው ላይ ትሰቅለው ስለነበር ሥራው አልቆመም። ጥጋቡ ግን አሁንም ወረቀቱን ጀርባውን ሰጥቶት ይቆም ነበር።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ሸህድ ፊቷ ተለዋውጦ መጣች። ቆርቆሮውን የጫነው መኪና በነዳጅ እጥረት ፖርት ሱዳን ላይ ቆሟል፤ ስድስት ሳምንት ይዘገያል ተብሏል።

«ስድስት ሳምንት ምንም አይደለም» አለ ጥጋቡ። «ግንቦት አለ፣ ሰኔ አለ። ግድግዳውን እያነሣን እንጠብቀዋለን።»

«ይዩት እስቲ» አለችው። የቆርቆሮውን ሣጥን በጣቷ ይዛ ወደ ቀኝ ጎተተችው።

ሌሎቹ ሁሉ ተከትለው ሄዱ። አንዷን በግ ሲነዷት መንጋው እንደሚነሣ፣ ማገሩ፣ ጣሪያው፣ ልስኑ፣ ወለሉ፣ አንዱ ሌላውን እየገፋ ወደ ፊት ነጎደ። «ጣሪያ ተከደነ» የምትለው አልማዝ ከግንቦት መጨረሻ ተነሥታ ሐምሌ አምስት ላይ ወደቀች፤ ቀይም ሆነች። ሸህድ ቀደም ብላ በሰኔ መጨረሻ ላይ «ዝናብ» ብላ ያሰመረችው ሰማያዊ መስመር ከኋላዋ ቀረ። በመስመሩና በአልማዟ መካከል ያለችው ባዶ ስፍራ ሁለት ጣት አትሞላም። በዚያች ስፍራ ግን ግድግዳው ያለ ጣሪያ ቆሟል።

ጥጋቡ ያቺን ስፍራ አየ። ያለፈው ዓመት ዓርብ እሷ ነበረች። ገና ያልተሠራ ግድግዳ ከዓይኑ ሥር እየሟሟ ሲወርድ ታየው፤ ሆኖም ገና ሚያዝያ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ አንዲት ቡኮ ጭቃ እንኳ አልቦካችም። 

«የእግዚአብሔር ያለህ» አለ። «ነቢይ እንጂ ሰው ይህን ሊያይ አይገባውም ነበር።»

«ነቢይ አይደለም፤ የእርስዎ መልሶች ናቸው። ጭቃ ሦስት ቀን፣ ማገር አምስት ቀን ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ ድስት ጥዶ ማልቀስ ምን ይጠቅማል ይሉ ነበር አባቶቻችን። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ድስት እየጣድሁ ሳለቅስ ኖሬአለሁ።»

 ኦመር «ለዘንድሮ እንተወው፤ ልጆቹ አንድ ዓመት ይታገሡ» አለ። ወይዘሮ አዋጢፍ እንባቸው መጣ። ጥጋቡ ግን ዓይኑን ከደረጃው ላይ አላነሣም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ተገለጠለት። ግድግዳውን ከጣሪያው ጋር ያያያዘችውን ቀጭን መስመር በወፍራም ጣቱ ነካ።

«ይህን መስመር ያሰመርሽው ለምንድን ነው?»

«ጣሪያ ከግድግዳ በኋላ ነው ስላሉኝ።»

«ብዬሻለሁ። ለምን እንዳልሁሽ ግን አላውቅም። አባቴ እንዲህ ሠራ፤ እኔም እንዲህ ሠራሁ።» ቀና ብሎ ኦመርን አየው። «ጣሪያውን በቀይ ጡብ ዓምድ ላይ ብናሳርፈውስ? አሥራ ሁለት ዓምድ። ጡብና ስሚንቶ ዝናብ አይፈራም። ቆርቆሮው በመጣ ጊዜ ዓምዱ ላይ ይወጣል፤ ጭቃውን ከዚያ በኋላ በጥላው ሥር እንገነባለን።»

«ያ ኡስታ!» አለ ኦመር እየሳቀ። «ከግድግዳ በፊት ጣሪያ? ሰው አበዱ ይለናል።»

«ይበለን! ባለፈው ዓመት ሰው ብልህ ናቸው ሲለን ምን ተረፈን? ሸህድ፣ ቁረጪልኝ ይህን መስመር።»

ሸህድ መስመሩን ቆረጠችው። ዓምዶቹን ጨመረች፤ ግድግዳውን ከጣሪያው በታች አወረደችው። በሩንና መስኮቱን ማንንም አይጠብቁምና ወደ ባዶዎቹ ሳምንታት አመጣቻቸው። ሰማያዊው መስመር አሁን ከዓምዶቹ በኋላ፣ ከጭቃው በፊት ዋለ፤ ቀዩም ጠፋ። የመጨረሻዋ አልማዝ እንደገና መስከረም ላይ ቆመች። ጥጋቡ ሠላሳ ዓመት ያመነውን ልማድ በአንድ ጣት እንዳሻገረው ሲያይ፣ ድንጋጤና ደስታ ተቀላቅለውበት ሳቀ።

ሰው ያስባል፣ እግዜር ይፈጽማል። በሰኔ ማብቂያ አሥራ ሁለቱ ዓምዶች ቆመው፣ ቆርቆሮው በቀናት ውስጥ ይገባል ሲባል፣ አልታመምም ያለው ጥጋቡ በወባ ወደቀ። ትኩሳቱ ቀኑን ከቀን አሳስቶት ከአልጋው ሳይነሣ ሰነበተ። ሲነቃ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ እኔ ከሌለሁ ሥራው ቆሟል፤ ቆርቆሮው መጥቶ ሜዳ ላይ ተጥሏል። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ቀሰቀሰው። አቧራው ቀድሞ መጣ፤ ከዚያም ዝናቡ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ፤ ኋላም እንደ ወንዝ ወረደ። ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። ራክሻ የሚሉትን ባጃጅ የሚነዱት ጭቃውን ፈርተው እምቢ ስላሉት፣ እያረፈ በእግሩ ሄደ።

ትምህርት ቤቱ ከሩቅ ሲታየው ቆመ። ሰፊ የቆርቆሮ ጣሪያ በአሥራ ሁለት ቀይ ዓምድ ላይ ተዘርግቷል። ውኃው በአራቱም ጎን እንደ መጋረጃ ይወርዳል። ከመጋረጃው ውስጥ ግን መሬቱ ደረቅ ነው። ኦመርና ስድስት ሰዎች ሁለተኛውን የጭቃ ድርብ ያነሣሉ። ከየጎጆው በዝናብ የሸሹ እናቶች ከነልጆቻቸው በአንዱ ጥግ ተጠልለዋል። ወይዘሮ አዋጢፍ ስልካቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አንድ ምልክት ያደርጋሉ። ማንም አይጮህም፤ ማንም «አሁን ምን እንሥራ?» አይልም።

ጥጋቡ በውኃው መጋረጃ አልፎ ገባና ወደ ላይ አየ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ የሚያሰማው ድምፅ የሰውን ንግግር ሁሉ ይውጥ ነበር። ይህን ያህል ውኃ ከሰማይ እየወረደ አንዲት ጠብታ በጭቃው ላይ አልወደቀችም። በጡብ ክምር ላይ ተቀመጠ። በመጀመሪያ ልቡን ቆንጠጥ ያደረገው ነገር ነበር፤ ያለ እኔ ሠሩት። ቀጥሎ ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር መጣ። የሠራቸው ቤቶች ሁሉ እሱ በቆመበት ብቻ የሚቆሙ ነበሩ፤ ይህ ግን እሱ በተኛበት ቆመ።

ኦመር አይቶት እየሮጠ መጣ፤ በጆሮውም ጮኸለት፤ «ኡስታ፣ አንተ አልነበርህም፤ ቃልህ ግን ነበር! ማገሩ መጀመሪያ፣ ቆርቆሮው ከምዕራብ በኩል ይጀመር፣ ሁሉም አንተ እንዳልኸው!»

 ጥጋቡ እጁን በኦመር ጭቃማ ትከሻ ላይ አኖረ።

በመስከረም ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ወሬውም ሐጅ ዩሱፍ ደረሰ። እዚያ ጤና ጣቢያ ሊሠሩ የተሰበሰቡ ሽማግሌዎች ጥጋቡን ከሸህድና ከኦመር ጋር ጠሩት፤ ይማም የሚባል ሽማግሌ ግንበኛ «ጥጋቡ፣ በስተርጅና ሴት ልጅ በስልክ ታዝሃለች የሚባለው እውነት ነው?» ብሎ በሰው ፊት ጠየቀው። ሰዎቹም ሳቁ።

ጥጋቡ አልተቆጣም። «ይማም ወንድሜ» አለ፤ «እሷ አላዘዘችኝም፤ ጠየቀችኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሥራህን አውጥተህ ብትደረድረው የምታገኘውን ልንገርህ። ነገ የሚመጣውን ጥፋት ዛሬ ታየዋለህ፤ ዛሬ ያየኸውን ደግሞ ትመልሰዋለህ። ‹እገሌ ያመጣዋል ብዬ ነበር› የምትል ቃል ከመካከላችሁ ትጠፋለች፤ የእያንዳንዱ ስም ከሥራው ጋር ተጽፏልና። ሠራተኛህ አንተን ሲጠብቅ ጥላ ሥር አይውልም። ስትታመም እፎይ ብለህ ትታመማለህ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው፤ ልማድህን ከፊትህ አስቀምጠህ ስታየው፣ የትኛው ዕውቀት፣ የትኛው ከንቱ ልማድ እንደሆነ ትለያለህ። በራስህ ውስጥ ሳለ ሁለቱም አንድ መልክ ነበራቸው።»

ይማም ፂሙን አሻሸ። «ማሽኑ ቢሳሳትስ?»

«የምንሳሳተው እኛ ነን። እሱ ስሕተታችንን ሳንሠራው ያሳየናል። ይህም ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ይማምም ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። ሸህድ ላፕቶፗን ከፈተች፤ አዲስ ገጽ አወጣች፤ በራስጌውም «የሐጅ ዩሱፍ ጤና ጣቢያ» ብላ ጻፈች።

«የሥራው ኃላፊ በሚለው ላይ የማንን ስም ላግባ?» ብላ ወደ ጥጋቡ ቀና አለች።

«የኦመርን ጻፊ» አለ ጥጋቡ።

ከኋላ ቆሞ የነበረው ኦመር የሰማውን ማመን አቅቶት ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ።

«እርስዎስ ዐም ጥጋቡ? የእርስዎ ስም የት ይግባ?»

 «ከታች በኩል፣ ‹የጨነቀው ሰው የሚጠይቀው› ብለሽ ጻፊኝ» አላት።